ተደብቆ የሚሄድ ሰው ሌቭል ያስፈልገዋል?

ባለፈው ክረምት ታልፒዮት ውስጥ በአንድ የወጣቶች ማዕከል የጌም ዲዛይን ሑግ አግዝ ነበር። አሥራ ሁለት ልጆች፣ ስድስት ኮምፒዩተር፣ ሲፈልግ የሚሠራ ሲያሻው የሚጠፋ አንድ ፕሮጀክተር። ከልጆቹ አንዱ፣ ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አንድ ቀን ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ። በአንደኛው ላይ ካርታ ስሏል። ካርታው ከጎንደር ገጠር ተነስቶ እስከ ሱዳን ድንበር፣ ከዚያም እስከ ገዳሪፍ ይሄዳል። ጌሙ የአያቱ መንገድ ነው፤ ሌሊት ሌሊት መሄድ፣ ቀን ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ መተኛት፣ ከወታደርና ከሽፍታ መሸሽ።

በሁለተኛው ወረቀት ላይ የጌሙን ሕጎች ጽፏል። ክፍት ዓለም፣ ሃምሳ ሌቭል፣ የችሎታ ዛፍ። ሌቭል አርባ የደረሰ ተጫዋች አምስት ሽፍታ ባንዴ መጣል ይችላል። ወረቀቱን ለአያቱ አሳይቷቸው ነበርና መጀመሪያ ሳቁ አለኝ። ከዚያ ግን እነሱ በየቀኑ እየደከሙ እንጂ እየበረቱ እንዳልሄዱ ነገሩት። ልጁ ይህን ሰምቶ ግራ ገባው። "ታዲያ ሌቭሉን ላጥፋው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ያን ቀን በደንብ አልመለስኩለትም። ጊዜው አልቆ ነበር፣ ፕሮጀክተሩም ጠፍቶ ነበር። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው፤ ጌም ለምትጫወቱ ብቻ ሳይሆን አንድ ቀን የራሳችሁን ታሪክ በጌም ለመናገር ለምታስቡም ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ከኩኩሉ እንጀምር

ስቴልዝ የሚባሉት፣ በዕብራይስጥ "ሚስሃኬይ ሂትጋንቩት" የምንላቸው ጌሞች፣ ሥረ ነገራቸው ከኮምፒዩተር በጣም የቀደመ ነው። "አሐት ሽታይም ሻሎሽ ዳግ ማሉአሕ" ያልተጫወተ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆጥራል፣ ሌሎቹ ከኋላው ይጠጋሉ፣ ሲዞር የተንቀሳቀሰ ይወጣል። ወላጆቻችሁ ደግሞ መንደር ሳሉ ኩኩሉ ተጫውተዋል። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ "ኩኩሉ" ይላል፣ ያልተደበቁት "አልነጋም" ይሉታል። ጨዋታው ራሱ ሌሊትን ያስመስላል ማለት ነው፤ ሲነጋ መታየት ይመጣል። (አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ "ኩኩሉ" የሚል የሞባይል ጌም ሠርቷል፤ እሱ ግን ስለምትሮጥ ዶሮ እንጂ ስለ መደበቅ አይደለም።)

በሁለቱም ጨዋታዎች ውስጥ ልብ የሚያስመታው ነገር አንድ ነው። ተጫዋቹ ከተቃራኒው የሚበልጠው በጉልበት አይደለም፤ በማወቅ ነው። ማን ወዴት እንደሚያይ፣ መቼ እንደሚዞር፣ የቱ ጥግ ጨለማ እንደሆነ ያውቃል። ከታየ ደግሞ ያልቅለታል። ይህ ሁለተኛው ነገር ከሌለ የመጀመሪያው ዋጋ የለውም። ብታይም ምንም የማልሆን ከሆነ ለምን እደበቃለሁ?

የኮምፒዩተር ጌሞች እዚህ የደረሱት በከፊል በችግር ምክንያት ነው። ሂዴዮ ኮጂማ በ1987 የመጀመሪያውን "ሜታል ጊር" ሲሠራ፣ ኤም ኤስ ኤክስ 2 የሚባለው ኮምፒዩተር ብዙ ጠላትና ብዙ ጥይት ባንዴ ማሳየት አይችልም ነበር። ስለዚህ ውጊያውን ትቶ ሽሽቱን ጌም አደረገው። ከዚያ በ1998 ሉኪንግ ግላስ የተባለው ቡድን "ቲፍ" የሚለውን ጌም አወጣ። ለዚህ ርዕስ ከሁሉ የሚጠቅመን እሱ ነው። የቲፍ ሌባ ጋሬት ይባላል። በስክሪኑ ታች አንዲት ዕንቁ አለች፤ ብርሃን ላይ ስትቆሙ ትደምቃለች፣ ጨለማ ውስጥ ስትገቡ ትጠቁራለች። ወለሉ ድንጋይ ከሆነ እግር ይሰማል፣ ምንጣፍ ከሆነ አይሰማም። በውሃ ቀስት ችቦ ማጥፋት ይቻላል። ጋሬት ሰይፍ አለው፣ ነገር ግን ሁለት ዘበኛ ከመጣበት መሮጥ ይሻለዋል። በከባዱ ደረጃ በብዙዎቹ ተልዕኮዎች ሰው ከገደላችሁ ተልዕኮው ይበላሻል።

ጋሬት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተልዕኮ ያው ጋሬት ነው። ሌቭል አይጨምርም። በሰረቀው ገንዘብ ቀስትና መድኃኒት ይገዛል፣ በቃ። የሚያድገው ከስክሪኑ ወዲህ የተቀመጠው ሰው ነው፤ ጆሮው ይነቃል፣ ትዕግሥቱ ይረዝማል። ይህን አስታውሱልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ኢየሩሳሌም ውስጥ መደበቅ

አሁን ወደ ክፍት ዓለም እንምጣ። ክፍት ዓለም ማለት ተጫዋቹ በተራ ከተደረደሩ ክፍሎች ይልቅ አንድ ሰፊ ቦታ ተሰጥቶት በፈለገው አቅጣጫ የሚሄድበት ጌም ነው።

ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በኅዳር 2007 ዩቢሶፍት ሞንትሪያል ያወጣው የመጀመሪያው "አሳሲንስ ክሪድ" ሦስት ትልልቅ ከተሞች አሉት፤ ደማስቆ፣ አኮ እና ኢየሩሳሌም። ዘመኑ 1191 ነው፣ ሦስተኛው የመስቀል ጦርነት፤ ከተማዋ በሳላሃዲን እጅ ከገባች አራት ዓመት ሆኗታል። ከአርሞን ሃነጺቭ ታየሌት ላይ ቆማችሁ አሮጌውን ከተማ አይታችሁ የምታውቁ፣ አልታይር የሚባለው የጌሙ ጀግና ማማ ላይ ወጥቶ የሚያየውን ነገር ታውቁታላችሁ ማለት ነው። የወርቁ ጉልላት አለ፣ የትንሣኤው ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ጣሪያ ከጣሪያ ጋር ተያይዞ አለ። እኔ መጀመሪያ ስጫወተው ግማሹን ጊዜ ያጠፋሁት ሰው ለመግደል ሳይሆን የማውቀውን ቦታ ለመፈለግ ነው።

ከተማው ለመደበቅ የሚመቸው ጥቅጥቅ ስላለ ነው። አልታይር ጨለማ ውስጥ አይደበቅም፤ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ ነው። የሚደበቀው በሰው መካከል ነው። ነጭ ልብስ ከለበሱ ሊቃውንት ጋር ተቀላቅሎ ይሄዳል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ በሁለት ሰዎች መካከል ይቀመጣል፣ ጭድ ውስጥ ይገባል። ሲሮጥና ሰው ሲገፋ ጠባቂዎቹ ያዩታል፤ ቀስ ብሎ ከሄደ ያልፉታል። ከመግደሉ በፊት ወሬ ይሰልላል፣ ኪስ ይበረብራል። ከተማው ሰፊ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የሚሰበስበው ዕውቀት የቦታ ዕውቀት ነው፤ ገድሎ ሲያበቃ ደወል ይደወልና በዚያው ባወቀው ቦታ ማምለጥ አለበት።

ይህን ለሑጉ ልጆች ያስረዳሁት በሠፈራችን ነው። ሬሖቭ ኤትዮፒያ ሄዳችሁ አስቡት፤ ጠባብ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር፣ በር፣ ግቢ፣ ዛፍ፣ መሐል ላይ ክቡ የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን። በአሥር እርምጃ አሥር ውሳኔ ይኖራል። አሁን ደግሞ ያንኑ ሰው ታልፒዮት የኢንዱስትሪው ሠፈር አምጥታችሁ ሰፊው መኪና ማቆሚያ ላይ አቁሙት። የት ይደበቃል? ከመኪና ወደ መኪና ከመሮጥ ሌላ ምን ይሠራል? ሁለተኛው ቦታ ይበልጣል፣ ጌሙ ግን ያነሰ ነው።

አብዛኛው የክፍት ዓለም ስቴልዝ ችግር ይኸው ነው። መደበቅ በሜትር የሚለካ ነገር ነው፣ ክፍት ዓለም ደግሞ በኪሎ ሜትር ይሸጣል። መስከረም 2015 የወጣው "ሜታል ጊር ሶሊድ 5፦ ዘ ፋንተም ፔይን" በአፍጋኒስታን ተራራና በአንጎላና ዛየር ድንበር ላይ ነው የሚካሄደው፤ የታሪኩ ዘመን 1984 ነው። (የእኛ ሰዎች ሱዳን ካምፕ ውስጥ የተቀመጡበት ዓመት መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።) በዚያ ጌም እያንዳንዱ የጠላት ሰፈር ለብቻው ድንቅ ነው፤ ከየትኛውም አቅጣጫ፣ በየትኛውም ሰዓት መግባት ትችላላችሁ። በሰፈሮቹ መካከል ያለው ግን በአብዛኛው ባዶ ምድር ነው፤ ፈረስ ላይ ተቀምጦ መጋለብ ነው። ዲዛይነሮቹ የሠሩት ክፍት ዓለም ሳይሆን በበረሃ ላይ የተበተኑ ዝግ ክፍሎች ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ሌላም አለ፤ መሸሽ በጣም ቀላል ይሆናል። በቲፍ ቤት ውስጥ ከታያችሁ በሩ አንድ ነው። በሰፊ ሜዳ ላይ ከታያችሁ ሁለት መቶ ሜትር ሮጣችሁ ሦስት ደቂቃ ብትጠብቁ ዘበኞቹ ሁሉን ረስተው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። "ነፋስ ነው መሰለኝ" የሚሉት ቀልድ ከዚህ የመጣ ነው። ዓለሙ ትልቅ ሲሆን የመታየት ዋጋ ይረክሳል።

ግን ይኸው ጌም አንድ ብልህ ነገር ሠርቷል። ጠላቶቹ ይማራሉ። ሁልጊዜ ጭንቅላት ላይ የምትተኩሱ ከሆነ የብረት ቆብ ማድረግ ይጀምራሉ፤ ሁልጊዜ ሌሊት የምትመጡ ከሆነ በጨለማ የሚያይ መነጽር ይዘው ይጠብቋችኋል። እዚህ ላይ ዓለሙ ራሱ "ሌቭል" ይጨምራል ማለት ነው። ይህ ሊሠራ የሚችለው ዓለሙ አንድና ቀጣይ ስለሆነ ነው፤ በዝግ ክፍሎች በተሠራ ጌም ውስጥ የትናንቱን የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ ለክፍት ዓለም የምሰጠው መልስ፣ ይሆናል፣ ቦታው ጥቅጥቅ ካለና የሚያስታውስ ከሆነ የሚል ነው።

ሌቭል ግን ሌላ ጣጣ ነው

አር ፒ ጂ በሚባሉት ጌሞች ተጫዋቹ አንድ ነገር በሠራ ቁጥር የልምድ ነጥብ፣ ኤክስ ፒ፣ ያገኛል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ሌቭል ይጨምራል፣ ጉልበቱና ጤናው ይጨምራል፣ አዲስ ችሎታ ይመርጣል። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ነገር ግን ከመደበቅ ጋር ሲጋባ ቢያንስ ሦስት ቦታ ላይ ይጣላል።

አንደኛው ሒሳቡ ነው። በጥቅምት 2017 "አሳሲንስ ክሪድ ኦሪጂንስ" ሲወጣ ተከታታዩ ወደ አር ፒ ጂ ዞረ። ከዚያ በፊት ከእጅጌ የሚወጣው ስውር ስለት አንገት ላይ ካረፈ ሰውየው ሞተ፤ ይህ የተከታታዩ ሕግ ነበር። በኦሪጂንስ ግን አሥር ደቂቃ ጣሪያ ላይ ተኝታችሁ፣ አራት ጠባቂ አሳልፋችሁ፣ ከላይ ዘላችሁ ትወጉታላችሁ፤ እሱ ደግሞ ሌቭሉ ከእናንተ ስለሚበልጥ ጤናው ትንሽ ቀንሶ ዞር ብሎ ያያችኋል። ዓይናችሁ ያየው አንድ ነገር ነው፣ ቁጥሩ የሚለው ሌላ ነው። ስቴልዝ ደግሞ የሚቆመው ዓይን ያየውን በማመን ላይ ነው። ዩቢሶፍትም ሳይገባው አልቀረም፤ በ2020 በወጣው "ቫልሃላ" ውስጥ ስውር ግድያው ሁልጊዜ እንዲሠራ የሚያደርግ ምርጫ በማስተካከያው ገጽ አስገባ። በ2023 የወጣው "ሚራዥ" ደግሞ ወደ አንዲት ከተማ፣ ወደ ባግዳድ፣ ተመልሶ ሌቭሉን ጨርሶ ተወው።

ሁለተኛው ነጥቡ የሚሰጥበት ነገር ነው። ጌም ነጥብ የሚሰጥበትን ነገር ሰው ይሠራል፣ ሞኝነት ቢሆንም። በ2011 የወጣው "ዴየስ ኤክስ፦ ሂውማን ሬቮሉሽን" ጠላትን ሳይገድሉ በእጅ መጣልን ከመግደል የበለጠ ነጥብ ይሰጥበታል። ውጤቱስ? ተጫዋቹ ሳይታይ ማለፍ የሚችለውን ዘበኛ ሁሉ ተመልሶ ሄዶ ይጥለዋል፣ መውጫው ፊቱ እያለ በየአየር ቱቦው ይዳህራል። ሰላይ መሆኑ ቀርቶ ነጥብ ሰብሳቢ ይሆናል። የተከታታዩ የመጀመሪያ ጌም፣ በ2000 የወጣው የዋረን ስፔክተር "ዴየስ ኤክስ"፣ ይህን የተሻለ አስቦበት ነበር፤ ነጥብ የሚሰጠው ሰው በመጣል ሳይሆን ግብ በመድረስና ቦታ በማሰስ ነው። እንዴት እንደደረሳችሁ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። በነገራችን ላይ ሂውማን ሬቮሉሽን ሌላም ጥፋት ነበረበት፤ ነጥባችሁን ሁሉ መደበቅ ላይ አውላችሁ ድንገት ከአለቃ ጋር ዝግ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት እንድትዋጉ ያደርጋችኋል። ብዙ ሰው አማርሮ ነበርና በ2013 በወጣው እትም ሌላ መንገድ ጨመሩበት።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ሌቭል ድክመትን ይሰርዛል፣ ስቴልዝ ግን የሚኖረው በድክመት ነው። "ስካይሪም" (2011) ውስጥ ተደብቃችሁ በሄዳችሁ ቁጥር የመደበቅ ችሎታችሁ ያድጋል። ሃሳቡ ተፈጥሯዊ ይመስላል፤ ሰው የሚደጋግመውን ነገር ይለምዳል። ግን መጨረሻው ላይ ቀስተኛው ቁጢጥ ብሎ ሰው ፊት ሲቀመጥ አይታይም፤ አንድ ቀስት ይለቃል፣ አንድ ሰው ይወድቃል፣ ጎረቤቱ ወዲያ ወዲህ አይቶ ይተወዋል። ታሪኩ እየከበደ ሲሄድ ጨዋታው እየቀለለ ይሄዳል። ትንፋሽን ይዞ የመጠበቁ ነገር፣ ያ የኩኩሉ ልብ ምት፣ ጠፍቷል።

ይህን ስል እድገት የሚባል ነገር አይኑር ማለቴ አይደለም። ወደ ጎን የሚያድግ ነገር አለ። በ2012 የወጣው "ዲስኦነርድ" ለተጫዋቹ አዲስ ኃይል ሲሰጠው በአብዛኛው አዲስ መንገድ ነው የሚሰጠው፤ ከሰገነት ወደ ሰገነት በአንድ ቅጽበት ማለፍ፣ አይጥ ውስጥ ገብቶ በቀዳዳ መሹለክ። ጉልበት ጨመረ ሳይሆን ምርጫ ጨመረ። በ2016 የመጣው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ኃይሉን ከናካቴው እንቢ ብላችሁ እንድትጫወቱ ይፈቅድላችኋል፤ ጨዋታው አይፈርስም። የ2016ቱ "ሂትማን" ከዚህም አልፎ እድገቱን ከሰውየው ወስዶ ለቦታው ሰጠው። አንዲትን ከተማ ደጋግማችሁ ስትጫወቱ የሚከፈትላችሁ አዲስ መነሻ ቦታና አዲስ የዕቃ መደበቂያ ነው። ሰውየው ከጋሬት አይበልጥም። እናንተ ግን ወጥ ቤቱ በስንት ሰዓት ባዶ እንደሚሆን አውቃችኋል።

ያሱኬ መደበቅ አይችልም

መጋቢት 2025 የወጣውን "አሳሲንስ ክሪድ ሻዶውስ" ስለ ሁለት ምክንያት አነሳዋለሁ። የመጀመሪያው የዲዛይን ነው። ጌሙ ሁለት ጀግኖች አሉት። ናኦዌ ትንሽ ናት፣ መብራት ታጠፋለች፣ መሬት ላይ ተኝታ ትሳባለች፣ ጣሪያ ላይ ትወጣለች፤ ብዙ ሰው ከመጣባት ግን ትሞታለች። ያሱኬ ሳሙራይ ነው፤ ግዙፍ ነው፣ በር ሰብሮ ይገባል፣ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ያስቃል። አንዱን ሰው በሌቭል ሁሉን ቻይ ከማድረግ ይልቅ ሁለት አካል ሠርተው ምርጫውን ለተጫዋቹ ሰጡት። ደካማዋ ደካማ ሆና ቀረች፣ መልካም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እኛን ይመለከታል። ያሱኬ በታሪክ የነበረ ሰው ነው። በ1579 ቫሊኛኖ ከሚባለው ኢየሱሳዊ መነኩሴ ጋር ከአፍሪካ ምድር የተገኘ ሆኖ ጃፓን ገባ፤ በ1581 ኪዮቶ ሲደርስ ሕዝቡ ሊያየው ተጋፋ፤ ገዢው ኦዳ ኖቡናጋም የቆዳው ቀለም እውነት መሆኑን ለማየት አሳጠበው። በዚያ አገር በሰው መካከል "ተቀላቅሎ" መጥፋት ለሱ የሚሆን ነገር አልነበረም። የ2007ቱ ጌም አልታይርን ቀስ ብለህ ከሄድክ አትታይም ይለዋል። ይህ ሕግ ለሁሉም ሰው እኩል ይሠራል ብሎ ያሰበው ዲዛይነር በሕይወቱ ብዙ መታወቂያ ተጠይቆ የሚያውቅ አይመስለኝም። በ2016 የቀረበው የፓልሞር ኮሚቴ ዘገባ በቤተ እስራኤል ወጣቶች ላይ ስለሚደረገው ከልክ ያለፈ የፖሊስ ቁጥጥር ጽፏል፤ ከእናንተ መካከል ዘገባውን ሳያነብ የሚያውቀው አለ። ጥርጣሬ የሚለካበት መስመር በጌሙ ስክሪን ላይ ለሁሉም ከባዶ ይጀምራል። ከተማ ውስጥ ግን ለአንዳንዱ ከግማሽ ይጀምራል። ለዲዛይነር ይህ ቁጥር ነው፤ ማን ከየት እንደሚጀምር የሚወስነው እሱ ነው።

ወደ ልጁ ወረቀት

አሁን ወደ አያትየው መንገድ እንመለስ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቤተ እስራኤሎች ከጎንደርና ከትግራይ ገጠሮች ተነስተው በእግር ሱዳን ገቡ። ሌሊት ተጓዙ፣ ቀን ተደበቁ፣ መንገድ መሪ ቀጠሩ፤ መሪው አንዳንዴ ራሱ ዘረፋቸው። ኡም ራኩባን በመሰሉ ካምፖች ሲገቡ ደግሞ ሌላ ዓይነት መደበቅ ተጀመረ፤ አይሁድ መሆናቸው እንዳይታወቅ በሺህ ሰው መካከል መኖር ነበረባቸው። ከኅዳር 21 1984 እስከ ጥር 5 1985 በዘመቻ ሙሴ ስምንት ሺህ ያህል ሰው ወደ እስራኤል መጣ። በመንገድና በካምፕ ወደ አራት ሺህ ሰው እንደሞተ ይነገራል። መታሰቢያቸው ዛሬ ሃር ሄርጽል ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ሥነ ሥርዓቱ እዚሁ ከታልፒዮት አጠገብ ራማት ራሔል ይደረግ ነበር።

ለዚህ ታሪክ ክፍት ዓለም ይሆናል? በካርታው ሁሉ እንደልብ መዞር አይሆንም። እነዚያ ሰዎች የነጻ ተጓዥ አልነበሩም፤ የሚያውቁት መንገድ የሚቀጥለው ውሃ እስካለበት ድረስ ነበር። እኔ ብሆን ስድስት ሰባት ጥቅጥቅ ያሉ ቦታዎች እሠራለሁ፤ አንድ ወንዝ ዳር፣ አንድ የገበያ መንደር፣ አንድ የድንበር ኬላ፣ በመጨረሻም ካምፑ። ካምፑ ላይ ሰፊ ጊዜ እሰጣለሁ፣ ምክንያቱም እዚያ የአልታይር ዓይነት መደበቅ እውነተኛ ይሆናል፤ ጨለማ የለም፣ ሁሉም ያይሃል፣ ማን እንደሆንክ ግን አያውቅም። በሰንበት ቀን ሥራ አለመሥራት፣ የማይበሉትን ምግብ እንቢ ማለት ሁሉ የሚያጋልጥ ነገር ይሆናል።

ሌቭሉን በተመለከተ፣ ጉልበቱን አጥፋው ብዬዋለሁ። ቁልቁል የሚሄድ ጉልበት ያለው ጌም አለና እሱን እንዲጫወት ሰጠሁት። በ2014 የወጣው የ11 ቢት ስቱዲዮስ "ዚስ ዎር ኦፍ ማይን" ከሳራዬቮ ከበባ የተቀዳ ነው፤ ሰዎቹ ወታደር አይደሉም፣ ሌሊት ምግብ ፍለጋ በሰው ቤት ይሹለከለካሉ፣ ሌቭል የላቸውም፤ ይርባቸዋል፣ ይታመማሉ፣ ያዝናሉ። አንዱ ፈጣን ሯጭ ነው፣ አንዱ ጥሩ ምግብ ያበስላል፤ ያ ከመጀመሪያው የነበረ ነው፣ አይጨምርም። በ2019 የወጣው "ኤ ፕሌግ ቴል፦ ኢኖሰንስ" ደግሞ አንዲት ልጅ ትንሽ ወንድሟን እጁን ይዛ ትሸሻለች፤ ከተወችው ይፈራል። አያትየው የሄዱት ብቻቸውን አልነበረም፤ በሃያ ሰው መካከል የሚያለቅስ ሕፃን ነበር። በቲፍ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማው የወለሉ ድንጋይ ነው፤ እዚህ የሚያሰማው የሕፃን ጉሮሮ ነው፤ ለሱ ደግሞ ምንጣፍ የለውም።

ግን የሚያድግ ነገርም ነበር። ቋንቋ። ጎንደር ሳሉ ዐረብኛ የማያውቁ ሰዎች ካምፕ ውስጥ ውሃ፣ ዳቦ፣ ሐኪም የሚሉትን ቃላት ተማሩ። ማንን ማመን እንደሚቻል ተማሩ። ይህ የችሎታ ዛፍ ሊሆን ይችላል፤ ቅርንጫፎቹ ቃላት፣ ሥሩ መተማመን። አንድ ቃል ስታውቁ ማንም አይወድቅም፣ አንድ በር ግን ይከፈታል። ልጁ ይህን ሲሰማ ሃምሳውን ሌቭል ሰርዞ በቦታው የዐረብኛ ቃላት መጻፍ ጀመረ። ስንቶቹን እንደሚያውቋቸው አያቱን ሊጠይቅ ሄደና ሦስት ገጽ ይዞ ተመለሰ፤ ከዚያ በፊት ስለ ካምፑ ይህን ያህል አውርተውት አያውቁም ነበር።

ያልፈታነው አንድ ነገር ቀርቷል፤ እሱም ከሌቭሉ ይከብዳል። በስቴልዝ ጌም ውስጥ ሰው ሲሞት የተጫዋቹ ጥፋት ነው፤ ቸኮለ፣ አልሰማ፣ ብርሃን ላይ ቆመ። ከዚያ ሎድ ያደርግና እንደገና ይሞክራል። አያትየው በመንገድ ላይ እህታቸውን ቀብረዋል። የሞቱት በጥማትና በበሽታ ነው፣ ስለቸኮሉ አይደለም። ጌሙ ያችን ሞት በተጫዋቹ ስህተት ካሳየ አራት ሺህ ሰው በደንብ ስላልተጫወተ ሞተ ማለቱ ነው። ተጫዋቹ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ እንድትሞት ካደረገ ደግሞ፣ ተጫዋቹ መደበቁ ምን ዋጋ አለው ብሎ ይተወዋል። ልጁ ለጊዜው ሁለቱን ለይቷቸዋል፤ የሚታዩትን ወታደሮች ተጫዋቹ ሊያመልጣቸው ይችላል፣ በሽታው ግን ካርታው ላይ አይታይም፣ ብርሃንም ጨለማም አይመለከተውም። እህትየውን በተመለከተ ሎድ ማድረግ አይቻልም ብሎ ጽፏል። ከጎኑ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል፤ አያቱን ጠይቆ እስኪመጣ ድረስ።